ላፕቶፑን ከመግዛታችሁ በፊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ

ጥያቄው፦ «በሜሪላንድ የምንኖር 14 ሰዎች ነን። ሁላችንም የተማርነው ጉራጌ ዞን ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ለትምህርት ቤታችን 20 ሺህ ዶላር አዋጥተናል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ 420 ያህል ተማሪዎች አሉ። ሐሳባችን 70 ታብሌት ገዝተን ለጎበዝ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች መስጠት ነው። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የለውም፣ መብራትም ይቆራረጣል። ከዓመታት በፊት የተሰጡ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ክፍሉ ግን ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው የሚታየው ይሉናል። ታብሌት ይሻላል ላፕቶፕ? ሞዴሉስ የትኛው ይሁን?»

መልስ፦

«ክፍሉ ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው የሚታየው» ካላችሁት ልጀምር። የታብሌትና የላፕቶፕ ምርጫ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። የተቆለፈው በር ካልተፈታ አዲሱም ዕቃ ከአሮጌው ጎን ሄዶ ይቆለፍበታል። ብዙ ሰው ይህን የርእሰ መምህሩ ስንፍና አድርጎ ያየዋል። አይደለም። በሩ የሚቆለፍበት በቂ ምክንያት አለ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒውተር ሲቀበል ሞዴል 19 በሚባል የንብረት መረከቢያ ቅጽ ገቢ ያደርገዋል። ከንብረት ክፍል ወጥቶ ለአይሲቲ መምህሩ ሲሰጥ ደግሞ ሞዴል 22 በሚባል የወጪ ቅጽ ነው። መምህሩ ፈርሞ ይረከባል። ከፈረመባት ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው የእሱ ዕዳ ነው። አንዱ ቢጠፋ ወይም ልጅ ቢሰብረው የሚጠየቀው እሱ ነው። ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል። ሲዘዋወርም ንብረቱን በሙሉ ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም። በሌላ በኩል 420 ልጅ አንድ ቀን እንኳን ባይነካው ማንም አይጠይቀውም። እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትቆልፋላችሁ። እኔም እቆልፋለሁ።

መፍትሔው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት ከትምህርት ቤቱ፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ጋር ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ ሁለት ነገር በግልጽ ይበል። አንደኛ፣ በአገልግሎት ላይ እያለ ለተበላሸ ወይም ለተሰበረ መሣሪያ መምህሩ በግሉ አይጠየቅም፤ ስርቆትና ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍሉ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተከፈተ በመዝገብ ይያዛል፤ ርእሰ መምህሩም በየወሩ ይፈርምበታል። ይህች ሁለት ገጽ ወረቀት ከሞዴል ምርጫችሁ የበለጠ ሥራ ትሠራለች። ብዙ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍሎችን ገብቼ አይቻለሁ። ክፍት ሆነው ያገኘኋቸው ዕቃቸው ምርጥ ስለነበረ አልነበረም። ቁልፉ ያለው ሰው ለመክፈት ስለማይፈራ ነበር።

አሁን ወደ 70ዎቹ ታብሌቶች እንምጣ። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ መሆኑ ይገባኛል። ግን ይቅርባችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ከ420 ልጆች 70 ያገኛሉ፣ 350 ያያሉ። ያገኙት ደግሞ ቀድሞም የተሻሉት ናቸው። 8ኛ ክፍል ጨርሰው ሲሄዱ ታብሌቱ አብሯቸው ይሄዳል ወይስ ይመለሳል? አብሯቸው ከሄደ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ባዶ እጁን ነው። ይመለስ ከተባለ ደግሞ ከ70 ቤተሰብ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። ከመካከላቸው ለወንድም ተሰጥቶ፣ ተሽጦ ወይም ተሰብሮ የሚጠብቃችሁ አይጠፋም። ወላጆችን ልትወቅሷቸው አይገባም። ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ሊሆን ይችላልና።

«ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚለው ሐሳብ በዓለም ላይ በደንብ ተሞክሯል። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ሰው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 የ100 ዶላር ላፕቶፕ እሠራለሁ ብሎ ሲነሳ ብዙ መንግሥታት አምነው ተከተሉት። ዋጋው ወደ 100 ወርዶ አያውቅም፤ ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነው የቀረው። ፔሩ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ገዛች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ አጥኚዎች 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አወጡ። ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ካላገኙት የተሻለ ነገር አላመጡም። ኮምፒውተሩን ተጠቅመውበታል። አጠቃላይ የማሰብ ችሎታን በሚለኩ ፈተናዎች ላይም ትንሽ መሻሻል ታይቷል። ሆኖም መምህሩ ትምህርቱን ከመሣሪያው ጋር እንዲያያይዝ በቂ ዝግጅት አልተደረገለትም ነበር። ስለዚህ የክፍሉ ትምህርት እንደነበረው ቀጠለ።

እኛም ጋ ደርሷል። ወደ 5 ሺህ የሚሆኑ እነዚሁ የኔግሮፖንቴ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በ2001 ዓ.ም አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ተከፋፍለዋል። ልጆቹ ወደዷቸው። መምህራኑ ግን ክፍል የሚበጠብጥ መጫወቻ አድርገው ነበር የሚያዩአቸው። መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ልጁ ጠረጴዛ ሥር ፎቶ ሲያነሳ ምን ይሰማዋል? መምህሩን ያላማከረ ስጦታ መምህሩ ላይ የመጣ ስጦታ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ወንጪና ስለ ወለንጪቲም ሳታነቡ አልቀራችሁም። ለታብሌት የሚሟገት ሰው ሁሉ የሚያነሳው ታሪክ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በነዚህ ሁለት ቦታዎች ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን ተሰጣቸው። መመሪያም አስተማሪም አልነበረም። ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በ5 ወር ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ አስከፈቱ ተባለ። ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ጥርጥር የለኝም። ግን በእያንዳንዱ ቦታ የነበሩት 20 ያህል ልጆች ነበሩ። ታብሌቱን መክፈት መቻላቸውም ማንበብ ተምረዋል ማለት አይደለም። በዚህ ታሪክ ተመርኩዞ ለ8ኛ ክፍል ተማሪ መሣሪያ መምረጥ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ልንማርበት የሚገባው ግን የራሳችን ፕላዝማ ነው። እናንተ ከዚያ በፊት ወጥታችሁ ይሆናል፤ ታናናሾቻችሁን ጠይቋቸው። በ1997 ዓ.ም አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪን ተሰቀለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም። ጥሩ የፊዚክስ አስተማሪ ያላገኘ የገጠር ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ እኩል ይማር የሚል ነው። ምን ሆነ? ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ልጁ አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያወጣ አያየውም። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው፣ ተመልሶ አይመጣም። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ደግሞ ከፍቶ የሚቆምና ሲያልቅ የሚዘጋ ሆነ። በሙያው የሚኮራ ሰው በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሲሆን ማየት ያማል። ከዚያ ሁሉ ወጪ የሚተርፈን ትምህርት አለ። መሣሪያው ቆም ብሎ መጠበቅ መቻል አለበት፤ መብራት ሲሄድ መቀጠል መቻል አለበት፤ ትዕዛዙም በመምህሩ እጅ መሆን አለበት።

የሚሠራስ የለም ወይ? አለ። ዴልሂ ውስጥ ማይንድስፓርክ የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች ማዕከል እየሄዱ በኮምፒውተር ይማራሉ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ልጁ ያለበትን ደረጃ ይለካል፤ ከዚያ ከዚያው ደረጃ ይጀምራል። የ7ኛ ክፍል ልጅ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ካለ ከ4ኛው ይነሳል። በ4 ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብም በሂንዲም ግልጽ መሻሻል መጣ። ይህን ያመጣው ዕቃው ራሱ አልነበረም። ልጁ ካለበት መነሳቱ ነበር፤ የሚያግዝ ሰውም አጠገቡ ነበረ። ፔሩና ዴልሂ ሁለቱም ኮምፒውተር ሰጡ፣ የተለያየ ውጤት አገኙ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ ለልጅ አትስጡ፣ ለክፍል ስጡ። 70 ታብሌት ሳይሆን 30 ላፕቶፕ፣ ከነመጠባበቂያው 35፣ በአንድ በሚሠራ ክፍል ውስጥ። ከገንዘባችሁ ለማሽኑ የሚሄደው ከሲሶው ብዙ አይብለጥ።

30 ለ420 ያንሳል ትሉኝ ይሆናል። አያንስም። ሁለት ሁለት ልጅ ሲቀመጥ 60 ልጅ ይሆናል። 420 በ60 ሲካፈል 7 ምድብ ነው። ክፍሉ በቀን 5 ክፍለ ጊዜ ቢከፈት በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ይገኛል። እያንዳንዱ ምድብ በሳምንት 3 ጊዜ ይገባል፣ 4 ደግሞ ለመምህራን ይተርፋል። በ40 ደቂቃ ብናስበው እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 2 ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ሁሉም ልጅ ማለት ነው፣ ደካማውም ጎበዙም። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ መርሐ ግብሩ ለየፈረቃው ይከፈል። ሁለት ልጅ በአንድ ማሽን መቀመጡ ጉዳት አይምሰላችሁ። አንዱ ለሌላው ሲያስረዳ ሁለቱም ይገባቸዋል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ወንድና ሴት ሲጣመሩ ማውሱን ወንዱ ይይዛል፣ ሴቷ ታያለች። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። መምህሩ በ20ኛው ደቂቃ እንዲያቀያይራቸው ከመጀመሪያው ቀን ደንብ ይሁን።

ላፕቶፕ ያልኩት ደግሞ በምክንያት ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። ኪቦርድና ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ላይ ሁለት ፈተና ይሆንበታል። ታብሌት ይህን አያለማምድም። የአይሲቲ ትምህርቱም ቢሆን መጻፍን፣ ሠንጠረዥ መሥራትንና ፋይል ማስቀመጥን ይፈልጋል። ታብሌት ሲሰበር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑ ከሄደ ዋጋው ግማሽ ሄደ። ላፕቶፕ ግን ኪቦርዱ፣ ባትሪው፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ለየብቻ ይቀየራል። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ቢሆን ኖሮ ስለ ታብሌት ሌላ ነገር እል ነበር።

ዴስክቶፕስ? እሱም አይሆንም፣ በመብራት ምክንያት። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 100 ዋት አካባቢ ይበላል። 30ው ሲበራ 3 ኪሎዋት ነው፣ መብራት በሄደባት ቅጽበትም ሁሉም ይጠፋል። የላፕቶፕ ባትሪ 50 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። 30ውን ለመሙላት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። መብራት ሌሊት ከመጣ ሌሊት ይሞላል፣ ቀን ከሄደ በባትሪ ይሠራል። 600 ዋት የሚሆን የፀሐይ ፓነል ከባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ተራ መብራት ከሚቀይር ኢንቨርተር ጋር ካስገባችሁ ደግሞ መብራት ለቀናት ቢጠፋም ክፍሉ አይዘጋም። ስታብላይዘር (የመብራቱን ኃይል የሚያረጋጋ ዕቃ) ግን የግድ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚወረውረው ኃይል ከሄደበት ጊዜ በላይ ዕቃ ይገድላል።

ሞዴሉን በተመለከተ አዲስ አትግዙ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ከ3 እና ከ4 ዓመት በኋላ የሚያስወግዷቸው ላፕቶፖች ታድሰው ይሸጣሉ። ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤች ፒ ኤሊትቡክ ከገበያ ከምታገኙት ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ አጥንታቸው ጠንካራ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁኑ። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ አንድ ሞዴል። 35 አንድ ዓይነት ማሽን ካለ የሞተው ለታመመው መለዋወጫ ይሆናል። ቻርጀሩም ለሁሉም ይሠራል። ከየቤታችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ሰብስባችሁ 35 ዓይነት ዕቃ ከላካችሁ ግን የምትልኩት 35 የተለያየ ችግር ነው።

አንጎለ ኮምፒውተሩ (ፕሮሰሰሩ) ከ8ኛው የኢንቴል ትውልድ አይነስ። ምክንያቱም የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የወጡትን አይቀበልም። 8 ጊጋ ራምና ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው የማይሽከረከር ዲስክ ይኑረው። የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ መንገጫገጭ አይችልም። ከዚያ በታች የሆነ ማሽን በነፃ ቢሰጣችሁ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ጭናችሁ መጠቀም ይቻላል፣ ችግር የለውም። ክሮምቡክ የሚባለውን በጉግል ሥርዓት የሚሠራ ላፕቶፕ ግን ተውት። ርካሽ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ልጆቻችሁም የሚጠቀሙት እሱን ይሆናል። ኢንተርኔትና የጉግል አካውንት በሌለበት ግን እጁ የታሰረ ነው።

ከመላካችሁ በፊት ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ነገር። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። አደጋው ያለው ከአሜሪካ በሚላከው ማከፋፈያና በአንዳንድ ዴስክቶፖች ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተለገሱ ዴስክቶፖች የተከፈቱበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከኋላቸው ያለችው ትንሽ ቀይ ማብሪያ 115 ላይ እንደሆነች ማንም አላየም። እኔም አላየሁም። ስንሰካቸው ተራ በተራ ጧ እያሉ ሄዱ፣ ክፍሉ በቃጠሎ ሽታ ተሞላ። መርቁልን ተብለው የመጡት አባቶች በር ላይ ቆመው ነበር። ያ ቀን ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። ማከፋፈያና ሶኬት ከዚያው ከአገር ቤት ግዙ።

ጉምሩክን ከላካችሁ በኋላ አትጀምሩት። ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ተቀባዩ መንግሥታዊ አካል አስቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። የትኛው ቢሮ ለየትኛው እንደሚጽፍ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ተጠይቆ፣ ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ ዕቃው አይንቀሳቀስ። መጋዘን የተያዘ ላፕቶፕ ኪራይ ይቆጥራል፣ ባትሪውም ያረጃል። የቀድሞ ባለቤቶቹ መረጃ ከየዲስኩ በደንብ መጥፋቱንም አረጋግጡ። ያበጠ ባትሪ ያለው ማሽን ደግሞ በምንም ዓይነት አይላክ፣ እሳት ነው።

«ኢንተርኔት የለውም» ያላችሁት ብዙ አያስጨንቃችሁ። ኢንተርኔት ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖርም ክፍሉ ይሠራል። ራስበሪ ፓይ የምትባል የእጅ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አለች። ከነማስቀመጫዋ ከ100 እስከ 150 ዶላር ብትፈጅ ነው። እሷ ላይ ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይጫናል። የካን አካዳሚ ነፃ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ፣ የትምህርት ሚኒስቴር መማሪያ መጻሕፍት፣ ኪዊክስ በሚባለው ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ደግሞ ዊኪፒዲያ ይገባባታል። የራሷ ዋይፋይ ለ30 ማሽን ላይበቃ ስለሚችል የዋይፋይ ራውተር ይያያዝባት፤ 30ው ላፕቶፕ ከእሷ ይቀዳል። አንድ ብር የካርድ ወጪ የለም። ልጆቹ ሊያዩት የማይገባ ነገር ላይ ይወድቃሉ የሚለው ስጋትም አብሮ ይቀንሳል።

ለሳይንስ ደግሞ ፌት የሚባሉትን ማሳያዎች ጫኑ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራዎች ናቸው፣ ነፃ ናቸው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁ ስክሪን ላይ ሽቦና ባትሪ አገናኝቶ አምፖል ያበራል። ሽቦውን ሲያሳስት ይጠፋበታል። እንደገና ይሞክራል። ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት በቃል ብቻ የተማረ ልጅ ይህን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ብታዩት 20 ሺህ ዶላሩ የት እንደሚሄድ ለመወሰን አትቸገሩም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ይዘቱ ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ገና ትንሽ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ፣ የልጁን ደረጃ እየለካ የሚሄድ የሒሳብ መልመጃ እንደ ልብ አይገኝም። እናንተ ውስጥ መምህር የነበረ ወይም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ካለ ከላፕቶፕ በላይ የጎደለው ይሄ ነው። ከትምህርት ቤቱ መምህራን ጋር ሆናችሁ የ7ኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ በአጫጭር ቪዲዮ ብትቀርጹ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይቀርም። በፍላሽ ተገልብጦ ጎረቤት ወረዳ ይደርሳል።

መምህራኑን ከልጆቹ ቀድሙ። ዕቃው እንደደረሰ አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት መምህራን ብቻ ይጠቀሙበት። ፈተና ይጻፉበት፣ ማርክ ይደምሩበት፣ ለነገ የሚያስተምሩትን ይዩበት። መምህሩ ለራሱ ሥራ ከጠቀመው ልጆቹን ይዞ ለመግባት ማንም አይለምነውም። የ3 ቀን ሥልጠና ሰጥቶ የምስክር ወረቀት ማደል ግን ገንዘብ መበተን ነው። አንድ ሰው ብቻ አታሠልጥኑ። እሱ በተዛወረ ማግስት ክፍሉ ይዘጋል። ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል።

ገደቡንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳታዝኑ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሁላችንም ደነገጥን። ብዙ ሰው መፍትሔውን ከዚያው ከ12ኛ ክፍል ፈለገው። ችግሩ ግን ከታች ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። 7ኛ ክፍል ደርሶ አቀላጥፎ የማያነብ ልጅ ፊት ላፕቶፕ ብታስቀምጡ የማያነበው ነገር ከወረቀት ወደ ስክሪን ተዛወረ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መምህራኑ የ7ኛ ክፍል ልጆችን አንድ ገጽ አማርኛ እንዲያስነብቧቸው ጠይቁ። ብዙዎቹ ከተቸገሩ ዕቅዱን ለውጡት። 15 ላፕቶፕ ግዙ፣ የቀረውን ለታችኛው ክፍል የተረት መጻሕፍትና ከሰዓት በኋላ ለሚያስነብብ ሰው አበል አድርጉት። እንዲህ ስል የቴክኖሎጂ ሰው ሆኜ ነው። ቅድሚያው ግን እሱ ነው።

ንባቡ ደህና ከሆነ ገንዘቡን በግምት እንዲህ ክፈሉት። ለ35 የታደሱ ላፕቶፖች 6,650 ዶላር ያዙ፤ አንዱን በ190 አስቤ ነው። ለማጓጓዣና ለማስፈጸሚያ 1,500። ለፀሐይ ኃይሉ፣ ለባትሪውና ለስታብላይዘሩ 3,500። ለመስኮት ብረት፣ ለበር፣ ለጠረጴዛ፣ ለመስመር ዝርጋታና ለቁም ሳጥኑ 2,000። ለራስበሪ ፓዩና ለአንድ ፕሮጀክተር 800። ለመምህራኑ ሥልጠና 1,500። የቀረው 4,050 አሁን አይነካም፤ ለ3 ዓመት ጥገና ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በላይ ብዙ አይሄድም። ያኔ ባትሪ የሚገዛ ሰው ከሌለ 35ቱም ግድግዳ ላይ የተሰካ ዕቃ ይሆናሉ። ትምህርት ቤቱ የመለዋወጫ በጀት ያገኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጠመኔ የሚገዛበትም በጭንቅ ነው።

ይህን የጥገና ገንዘብ ስትለቁ ክፍሉ የተከፈተበትን መዝገብ እያያችሁ ይሁን። በመንፈቅ አንድ ጊዜ የመዝገቡን ፎቶ ይላኩላችሁ። ክፍሉ በሳምንት ከ15 ክፍለ ጊዜ በላይ ከተከፈተ የዚያን መንፈቅ ድርሻ ላኩ። ካልተከፈተ ምን እንዳጋጠመ ደውላችሁ ጠይቁ እንጂ አትቆጡ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ የተቃጠለ ገመድ ነው። የልጆቹን ፎቶ ግን አትጠይቁ፣ በፌስቡክም አትለጥፉ። ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው፣ የምስጋና ወረቀት አይደሉም።

ጉራጌ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። አባቶቻችሁ ያንን ሲያደርጉ ድንጋይና ሲሚንቶ ገዝተው አልሄዱም። የሚቆጣጠር ሰው አቁመው፣ ሒሳብ እየጠየቁ ነው ያሠሩት። እናንተም ከመካከላችሁ አንድ ሰው ለ3 ዓመት ኃላፊ አድርጉ። 14 ሰው በጋራ ኃላፊ ከሆነ ኃላፊ የለም ማለት ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ብር ሳታወጡ ርእሰ መምህሩ ጋ ደውሉ። አሁን ክፍሉ ውስጥ ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ስንት እንደሆኑ፣ በማን ስም እንደተፈረመባቸው፣ ቁልፉ የት እንደሚያድር ጠይቋቸው። ከነሱ ውስጥ በጥቂት ወጪ የሚነሱ ይኖራሉ። የሞቱትም በሕጉ መሠረት በኮሚቴ ተቆጥረው ከመዝገብ መሰረዝ አለባቸው፤ አለበለዚያ አዲሱን የሚረከበው መምህር ከነአሮጌው ዕዳ ይፈርማል። መልሳቸውን ይዛችሁ ጻፉልኝ። የስምምነቱን ወረቀት አብረን እናረቀዋለን።